የቦርከና ዳታ ኃላፊው ማን ነው? በደሴና በኮምቦልቻ በተሠራ አንድ ምርምር ላይ የተመሠረተ የጉዳይ ጥናት

ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ እዚያም ለዮሌንና ወርቃን የመሳሰሉ ገባር ወንዞች ተቀብሎ በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይቀጥላል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተሰባሰቡባት ከተማ በመሆኗ የእነዚህ ወንዞች የውሃ ጥራት ለብዙ ዓመታት ተመራማሪዎችን ሲያነጋግር ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በዚሁ ውሃና በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ የተሰበሰበን አንድ የዳታ ስብስብ ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ውሃው ሳይሆን ዳታው ነው፤ ዳታው ሲሰበሰብ፣ ከፊሉ ሲጠፋና እንደገና ሲደራጅ ኃላፊነቱ የማን ነበር፣ ወደፊትስ የማን መሆን አለበት የሚለውን ለመመርመር ይሞክራል።

የምርምር ቡድኑ ከሁለቱ ከተሞች ተቋማት የተውጣጣ ነበር። የጤና ባለሙያዎቹ ደሴ፣ የኬሚስትሪና የምህንድስና ባለሙያዎቹ ደግሞ ኮምቦልቻ ይሠሩ ነበር። እኔ በቡድኑ ውስጥ ዳታውን በማደራጀትና በመተንተን ተሳትፌያለሁ። የተቋማቱንም ሆነ የባለሙያዎቹን ስም አላነሣም፤ የገጠማቸው ችግር በአገራችን ባሉ ብዙ የትምህርትና የምርምር ተቋማት የሚታይ እንጂ የእነርሱ ብቻ አይደለም።

የዳታው አመጣጥ

ዳታው ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በበጋና በክረምት ከወንዞቹ የተወሰደ የውሃ ናሙና ውጤት ሲሆን የውሃውን ሙቀት፣ የአሲድነት መጠን፣ የሟሟ ኦክስጅንና እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን ይይዛል። ሁለተኛው ውሃውን ለመስኖ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለከብቶች መጠጥ ከሚጠቀሙ ቤተሰቦች በመጠይቅ የተሰበሰበ የጤና መረጃ ነው። የውሃው ውጤት በላብራቶሪ መዝገብ በእጅ ተጽፎ ኋላ ወደ ኤክሴል ገባ፤ የቤተሰቡ መጠይቅ ግን ከመነሻው በስልክ፣ ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ተሞላ።

በፕሮፖዛሉ በጀት ውስጥ ለመረጃ ሰብሳቢዎች አበል፣ ለኬሚካል፣ ለተሽከርካሪ ነዳጅና ለኅትመት ገንዘብ ተይዟል። ለዳታ አያያዝ የተያዘ ገንዘብም ሆነ ይህን ሥራ በኃላፊነት እንዲወጣ የተመደበ ሰው ግን አልነበረም። የኮድ አሰጣጡ፣ የፋይሉ አሰያየምና የመጠባበቂያ ቅጂው ሁሉ ለየግለሰቡ ልማድ ተተወ። ዋና ተመራማሪው ዋናውን ሰነድ በላፕቶፑ ይዟል፤ የላብራቶሪው ቴክኒሻን የመስክ ማስታወሻውን በመሳቢያው ቆልፎበታል፤ የማስተርስ ተማሪዎቹም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚያስፈልጋቸውን ክፍል በፍላሽ ወስደዋል። ምርምሩ እየተካሄደ ሳለ ይህ አሠራር ያስከተለው ችግር አልታየም፤ የጎደለውን ነገር የሚያውቀው ሰው ስልክ ሲደወልለት ያነሣ ነበርና።

ከጥቅምት 2014 በኋላ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ዋሉ፤ የመንግሥት ኃይሎች ከተሞቹን መልሰው የያዙት በኅዳር መጨረሻ ነበር። በዚያ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርሲቲንና የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ በሁለቱ ከተሞች ያሉ በርካታ የሕዝብ ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። በሰው ሕይወትና በንብረት ላይ ከደረሰው ጥፋት አንጻር የአንድ ምርምር ሰነድ ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእነዚያ ቤተሰቦች ሰዓታቸውን ሰጥተው፣ ስለ ልጆቻቸው ተቅማጥና ስለ ከብቶቻቸው ሞት በዝርዝር የተናገሩ ሰዎች አሉ። የሰጡት መረጃ ሳይሠራበት ቢቀር በእነርሱ ላይ የሚፈጸም ተጨማሪ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ቡድኑ እንደገና ሲሰባሰብ መጀመሪያ የተጠበቀው ዳታው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል የሚል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። የቤተሰቡ መጠይቅ በኢንተርኔት ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተገኘ። የላብራቶሪው ውጤት ያለበት የኤክሴል ፋይልም ከአንድ አባል ኢሜይልና ከአንድ የቴሌግራም ቡድን ተለቅሞ ወጣ፤ በሁለቱ ቅጂዎች መካከል የነበሩትን ልዩነቶች ማስታረቅ አድካሚ ቢሆንም የሚቻል ሥራ ነበር። ስለዚህ ቁጥሮቹ በአብዛኛው ተርፈዋል።

ያልተረፈው የቁጥሮቹ ትርጉም ነው። ናሙና የተወሰደባቸው ቦታዎች በኤክሴሉ ላይ በአጭር ኮድ ብቻ ተመልክተዋል። ኮዱ የቱን ቦታ እንደሚያመለክት፣ ቦታው ከፋብሪካ ፍሳሽ መውጫ በላይ ይሁን በታች፣ የትኛው ናሙና በጎርፍ ማግሥት እንደተወሰደ የሚያስረዳው የመስክ ማስታወሻ ከቢሮ ዕቃ ጋር ጠፍቷል። ከፍ ያለ የክሮሚየም መጠን የተመዘገበበት ረድፍ አለ፤ ያ ውሃ ከፍሳሹ በፊት የተቀዳ ከሆነ አንድ መደምደሚያ፣ ከፍሳሹ በኋላ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው መደምደሚያ ይወጣል። ስለ መጠባበቂያ ቅጂ አስፈላጊነት በየሥልጠናው ብዙ ይነገራል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ቅጂ ኖሮ እንኳ ዳታው አገልግሎት መስጠት አልቻለም።

አንድ ረድፍ በቅርበት

የችግሩን ባሕርይ ለማሳየት ከላብራቶሪው ፋይል የአንድን ረድፍ አጻጻፍ ልተንትን። የቀኑ ዐምድ 12/02/2013 ይላል፤ የሰዓቱ ዐምድ 3፡10 ይላል፤ የእርሳሱ ዐምድ ባዶ ነው።

ኮምቦልቻ ያለው ቴክኒሻን ቀኑን የጻፈው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 12 ቀን 2013 ማለቱ ነው። ስልኩ ግን በዚያው ቀን የተሞላውን የቤተሰብ መጠይቅ የመዘገበው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2020 ብሎ ነው። ሁለቱን ፋይሎች በኮምፒውተር ለማገናኘት የሚሞክር ሰው ይህን ካላወቀ በአንድ ቀን የተሰበሰቡት ሁለት መረጃዎች ሰባት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተራርቀው ይታዩታል። ይባስ ብሎ ኤክሴል ቀኑን እንደ ፈረንጅ ቀን ስለሚቀበለው ምንም ዓይነት የስሕተት ምልክት አያሳይም። እንደ ኮምፒውተሩ አደረጃጀት አንድ ጊዜ ፌብሩዋሪ፣ ሌላ ጊዜ ዲሴምበር ያደርገዋል፤ የወሩ ቁጥር 13 በሆነበት፣ ማለትም በጳጉሜን በተወሰደ ናሙና ላይ ግን ቀንን ከወር አስቀድሞ እንዲያነብ የተደራጀ ኮምፒውተር እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ 3፡10 በስልኩ 9፡10 ነው። በውሃ ጥራት ጥናት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ የሟሟ ኦክስጅንና የውሃ ሙቀት ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ስለሚለዋወጡ፣ የጠዋቱ 3 ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት ጋር ከተምታታ ትንተናው ይዛባል።

ባዶው የእርሳስ ዐምድ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። ምርመራው አልተሠራ ይሆናል፤ ተሠርቶ መጠኑ መሣሪያው ሊለየው ከሚችለው በታች ሆኖ ይሆናል፤ ወይም የናሙናው ጠርሙስ በመንገድ ተሰብሮ ይሆናል። ከሦስቱ ሁለተኛው ጠቃሚ ውጤት ነው፤ ውሃው ውስጥ እርሳስ በሚለካ መጠን አልተገኘም ማለት ነው። አንድ ተማሪ ባዶዎቹን ሁሉ በዜሮ ሞልቶ መተንተኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ተማሪው ሊወቀስ አይገባውም፤ ባዶ ቦታ እንዴት እንደሚመዘገብ የነገረው ሰው አልነበረም፣ የሚጠይቀውም ቢሮ አልነበረም።

መልሶ የማደራጀቱ ሥራ በአብዛኛው የተሠራው በአንድ ሰው ትውስታ ነው። የላብራቶሪው ቴክኒሻን ናሙና የወሰደባቸውን ቦታዎች በእግሩ ዞሮ አሳየን፤ የየቦታው የጂፒኤስ ነጥብ ተወሰደ፤ የድሮ የስልክ ፎቶዎችም ለማረጋገጫ አገለገሉ። በክረምት መንገዱ ተቆርጦ ቦታቸው የተቀየረ ነጥቦች ግን ነበሩ፤ በእነርሱ ላይ የቴክኒሻኑ ትውስታና ፎቶዎቹ ስላልተስማሙ ከትንተናው ውጪ እንዲሆኑ ተወሰነ። ውሳኔው ያሳዘነን ቢሆንም ትክክል ነበር።

ሥራው የማን ነው?

ከዚህ በኋላ ቡድኑ ለአስተናጋጁ ተቋም ሐሳብ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። በውይይቱ የመጀመሪያ ሐሳብ ሆኖ የቀረበው ትልቅ ሰርቨር መግዛት ነበር። ይህ ሐሳብ ቶሎ ተቀባይነት የሚያገኘው ሰርቨር የሚታይ፣ በጨረታ የሚገዛና በንብረት መዝገብ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ይመስለኛል። ነገር ግን ከላይ የተገለጸው ጉዳት ሰርቨር ቢኖር ኖሮ አይቀርም ነበር፤ ባዶውን ዐምድ ማንም ሰርቨር ሊያብራራው አይችልም።

ስለ መመሪያም ተነሥቷል። በዚህ በኩል አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ምርምሮች ኅትመት፣ የመመረቂያ ጽሑፍና ዳታ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ያዝዛል። ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ክምችትም ተቋቁሟል። በተጨማሪም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ከመሳሰሉ ጥንቃቄ የሚሹ ዳታዎች ጋር የተያያዘ ግዴታ ጥሏል። አንዱ ክፈቱ ሲል ሌላው ጠብቁ ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በአንድ የተወሰነ ፋይል ላይ የትኛው ዐምድ እንደሚከፈትና የትኛው እንደሚዘጋ መወሰን ግን ፋይሉን ከፍቶ የሚያነብ ባለሙያ ይጠይቃል።

የእኛው የቤተሰብ መጠይቅ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የፈቃደኝነት ቅጹ ስም እንደማይገለጽ ይናገራል፤ ስለ ጂፒኤስ ነጥብ ግን ምንም አይልም። ስሙ ተሰርዞ የቤቱ ነጥብ ከቀረ በጨፋ አካባቢ ባለ መንደር ውስጥ የቱ ቤት እንደሆነ ለማወቅ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ይበቃል። በሌላ በኩል ቤተሰቡን ከቅርቡ የናሙና ቦታ ጋር ያገናኘነው በዚሁ ነጥብ ነው። በመጨረሻ ነጥቡ በተዘጋው ፋይል ብቻ እንዲቆይ፣ በሚጋራው ፋይል ላይ ደግሞ ከወንዙ ያለው ርቀት ብቻ እንዲሰፍር ተደረገ። የሥነ ምግባር ግምገማ ኮሚቴው ይህን ጥያቄ ከመነሻው፣ ፕሮፖዛሉ ሲቀርብለት ቢያነሣው ኖሮ ሥራው ይቀል ነበር።

ከሌሎች ተቋማት ልምድ ሁለቱ በውይይቱ ላይ ክብደት ነበራቸው። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ፖሊሲ በምርምር ጊዜ የዳታ አያያዝ ኃላፊነት በቀዳሚነት የዋና ተመራማሪው መሆኑን ደንግጎ፣ ሥልጠና፣ ምክርና ማከማቻ የማቅረቡን ግዴታ በዩኒቨርሲቲው ላይ ጥሏል። የኃላፊነቱ ክፍፍል ግልጽ ነው። በኔዘርላንድስ የሚገኘው የዴልፍት ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በስምንቱ ፋኩልቲዎች ለየአንዳንዳቸው የዳታ ባለሙያ መድቦ፣ ማስተባበሩን ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥቷል። የባለሙያው መቀመጫ ፋኩልቲው ውስጥ መሆኑ ትልቁ ቁም ነገር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የኬሚስትሪን ዳታ የሚያውቅ ሰው የጤናን መጠይቅ ላያውቅ ይችላል።

የዴልፍትን አደረጃጀት እንዳለ መቅዳት ግን አይቻልም። በመንግሥት ተቋም ውስጥ አንድ የሥራ መደብ በመዋቅር ከሌለ፣ ደረጃው በሥራ ምዘና ካልተወሰነ ደመወዝ የለውም። አዲስ መደብ ማስፈቀድ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ወደ ራሳችን ስንመለከት የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲመዘግብ የቆየ ነው፤ እንዲህ ያለ የረጅም ጊዜ ምዝገባ ያለ ቋሚ የመስክና የዳታ ሠራተኞች ሊቆም አይችልም። ኢትዮጵያዊ ተቋም ይህን ማድረግ እንደሚችል ለማሳየት ከውጭ አገር ምሳሌ ይልቅ ይህኛው አሳማኝ ነበር።

የተደረሰበት አደረጃጀት

በክርክሩ መጨረሻ የተያዘው አቋም አዲስ ማእከል ከመጠበቅ ይልቅ ባሉት ሰዎች መጀመር የሚል ሆነ። ማስተባበሩ ለቤተ መጻሕፍት ተሰጠ። አንዳንዶች ሥራው የአይሲቲ (የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሉ) ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ነገር ግን የአይሲቲ ባለሙያዎች ኔትወርክና ማከማቻ ላይ እንጂ ስለ ይዘቱ ገለጻ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሰነድን መግለጽና ማውጫ መሥራት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የዕለት ሥራ ነው። አይሲቲ የመጠባበቂያ ቅጂውን ሥራ ይዟል፤ አንዱ ቅጂ ከሁለቱም ከተሞች ውጪ እንዲቀመጥም ተወስኗል። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በአንድ ወቅት አንድ ላይ የሚያገኛቸው አደጋ ሊኖር እንደሚችል 2014 አሳይቷልና።

ከዚያ በላይ ወሳኙ ምደባ የሁለቱ የቅርብ ሰዎች ነው። ደሴ ላይ የሥነ ሕዝብና የስታቲስቲክስ ዕውቀት ያላት አንዲት መምህርት፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ያው የላብራቶሪ ቴክኒሻን ከሳምንቱ ሥራቸው የተወሰነው ለዳታ ድጋፍ እንዲሆን ተመደቡ። የመምህርቷ የማስተማር ጫና በዚያው ልክ ተቀነሰ። ይህ ቅነሳ በጽሑፍ ካልሰፈረ ምደባው ስም ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ቡድኑ አጥብቆ ያሳሰበው ነጥብ ነበር፤ በተጨማሪነት የተሰጠ ሥራ ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚተው ሥራ ነው። ለቴክኒሻኑ ግን የሚቀነስ የማስተማር ጫና የለውም፤ የእርሱ ጥቅም በምን እንደሚታይ እስካሁን አልተወሰነም። እኔ በኅትመት ላይ ስሙ በአስተዋጽኦ አድራጊነት ሊጠቀስ፣ በዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ይህ ሥራ ነጥብ ሊያገኝበት ይገባል እላለሁ። ያለ እርሱ ይህ ዳታ ዛሬ አይኖርም።

ተመራማሪው ወደ እነዚህ ሰዎች እንዲሄድ የሚያደርጉ ሁለት በሮች ተበጅተዋል። አንደኛው በሥነ ምግባር ግምገማ ጊዜ ከፕሮፖዛሉ ጋር የሚቀርብ ባለ አንድ ገጽ የዳታ ዕቅድ ነው፤ ምን ዓይነት ዳታ እንደሚሰበሰብ፣ በየትኛው የቀን አቆጣጠር እንደሚመዘገብ፣ ማን ጋር እንደሚቀመጥና ምን እንደሚጋራ ይጠይቃል። ሁለተኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ክሊራንስ ነው። ተማሪ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሳይመልስ ክሊራንስ እንደማያገኝ ሁሉ፣ ዳታውንና የተለዋዋጮቹን መግለጫ (የየዐምዱን ትርጉም) ሳያስገባም እንዳያገኝ ሐሳብ ቀረበ። ይህ ሁለተኛው በር ተቃውሞ ገጥሞታል። አንዳንድ አማካሪዎች ተማሪው ገና ያላሳተመው ውጤት በሌላ ሰው ይወሰድበታል ብለው ሠጉ፤ ሥጋቱ መሠረት ስላለው ገቢ የተደረገው ዳታ ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ እንዲቆይ በሚል ተስተካክሎ አለፈ።

ሥልጠናውን በተመለከተ ቡድኑ ለሁሉም በአንድ አዳራሽ የሚሰጥ የአበል ሥልጠና አልመረጠም። በምትኩ ባለሙያዎቹ ወደ ላብራቶሪውና ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄደው በተመራማሪው በራሱ ፋይል ላይ አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። ውጤቱ ፈጣን ነበር። የናሙና ቅጹ ተቀይሮ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ለየብቻ ዐምድ አገኙ፤ ሰዓት በ24 ሰዓት አጻጻፍ እንዲሰፍር ሆነ፤ ባዶ ለሚቀር ቦታ ሁሉ አልተለካም፣ ከመለኪያው በታች ወይም ናሙናው ተበላሽቷል የሚል ኮድ ግዴታ ሆነ፤ የመለኪያ አሐዱም፣ ሚሊግራም በሊትር ይሁን ማይክሮግራም፣ ከዐምዱ ርዕስ ጋር እንዲጻፍ ተደረገ።

ያልተፈታው

አሁን ያለው አደረጃጀት በሁለት ሰዎች በጎ ፈቃድና በአንድ ፕሮጀክት ቀሪ ገንዘብ ላይ ቆሟል። መምህርቷ ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት ብትሄድ የሚተካት ሰው አልተዘጋጀም፤ መምህራን በየጊዜው ለትምህርት የሚሄዱበት ተቋም ስለሆነ ይህ ሩቅ ሥጋት አይደለም። ለዚህም ሲባል በሁለቱም ከተሞች አንዳንድ የዳታ ባለሙያ መደብ በመዋቅር እንዲፈቀድ የሥራ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ጥያቄው ቀርቧል። በዝርዝሩ ላይ ከኮምፒውተር ዕውቀት አስቀድሞ የተቀመጠው መመዘኛ በመስክ መረጃ የመሰብሰብ ልምድ ነው፤ ይህ እንዳይቀየር ቡድኑ ተከራክሯል። ቀጣዮቹ ፕሮፖዛሎችም ለዳታ አያያዝ ራሱን የቻለ የበጀት መስመር እንዲኖራቸው ተስማምተናል።

ሌላው ክፍት ጥያቄ የውሃውን ዳታ የሚመለከት ነው። የውሃው ውጤት የግል መረጃ ስላልያዘ ሊከፈት ይችላል፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና የወንዙ ዳር ገበሬዎችም ይፈልጉታል። ከጎረቤት ፋብሪካዎች ጋር ያለው ግንኙነት እንዳይሻክር የሚሠጉ አባላት ግን ከኅትመት በፊት እንዳይወጣ ይፈልጋሉ። በእኔ አስተያየት ዳታው ከነሙሉ መግለጫው፣ ከትንተና ውጪ የሆኑት ነጥቦችና የወጡበት ምክንያትም ተጽፎ፣ ሊከፈት ይገባዋል። ዳታውን ልጠቀም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ይሁን ዋና ተመራማሪው የሚለው እስኪወሰን ድረስ ጥያቄዎች ለሁለቱም በጋራ እየቀረቡ ይገኛሉ።